ቺንጋው ለምን ተበጠሰ? የአንዲት አሮጌ የቤተሰብ ሚኒቫን የጉዳይ ጥናት

ለምን ተጻፈ

የምሠራበት ጋራዥ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ነው። ደንበኞቻችን በአብዛኛው የአገራችን ሰዎች ሲሆኑ የሚያመጧቸው መኪኖችም ከ10 ዓመት በላይ ያገለገሉ ናቸው። የሞተር ቺንጋ መቀየር ለእኛ የዘወትር ሥራ ነው። ይህኛውን ጉዳይ ለብቻው ለመጻፍ ያነሳሳኝ፣ ያው አንድ ጩኸት ስፕሬይ፣ ባትሪና አዲስ ቺንጋ አስገዝቶ ካበቃ በኋላ እናትን ከነልጆቿ አውራ ጎዳና ዳር ማቆሙ ነው። ከሦስቱ ግዢዎች የሚሳቅበት አልነበረም፤ እያንዳንዱ በጊዜው ልክ ይመስል ነበር። ሦስቱም ጩኸቱን ለጥቂት ጊዜ ዝም አሰኝተውታል ወይም ምልክቱን ደብቀውታል።

የቤተሰቡን ማንነት ትቻለሁ። ከእኛ በፊት መኪናዋን ያየውን ጋራዥና መለዋወጫ የሸጡትንም አልጠቅስም።

መኪናዋና ቤተሰቡ

መኪናዋ የ2008 ቶዮታ ሲየና ናት፤ ባለ 3.5 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር አላት። እኛ ጋ ስትደርስ 180,000 ማይል፣ ማለትም ወደ 290,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዳ ነበር። ቤተሰቡ ያገለገለች ስለገዛ የቀድሞ የጥገና ታሪኳ አይታወቅም።

ባልና ሚስቱ ሦስት ልጆች አሏቸው። መኪናዋን በዋናነት የሚነዱት እናትየዋ ናቸው። በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ተረኛ ሆነው ይሠራሉ፣ ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት ያደርሳሉ፣ እሑድ ሁሉንም ይዘው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። አባትየው ሥራ የሚሄዱት በባቡር ነው። መኪናዋ ስትታመም ግን ጋራዥ የሚወስዷት፣ ከመካኒክ ጋር የሚነጋገሩትና የሚከፍሉት እሳቸው ናቸው። ይህ ክፍፍል በብዙ ቤት ያለ ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ግን ወደ ኋላ እንደምንመለስበት ዋጋ አስከፍሏል።

ስለ ሞተሩ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። በዚህች መኪና ሞተሩ በአግድም የተቀመጠ ነው። ቺንጋው በተሳፋሪው በኩል፣ እጅ እንኳ እንደልብ በማይገባበት ጠባብ ቦታ ላይ ይዞራል። ከታች ካለው፣ ሞተሩ ራሱ ከሚያዞረው የክራንክ ፑሊ (ፑሊ ቺንጋ የሚዞርበት ክብ ነው) የሚነሳ አንድ ረጅም ቺንጋ ብቻ ነው ያለው፤ እሱም ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞ፣ የመሪ ዘይት ፓምፑን፣ የኤሲ ኮምፕረሰሩንና የውሃ ፓምፑን ያሽከረክራል። ቺንጋውን ወጥሮ የሚይዝ ቴንሽነር አለ። ከዚያ ውጭ አቅጣጫ ከማስያዝ በቀር ምንም የማያንቀሳቅሱ፣ በኩሽኔታ (ዙሩን በሚያቀልል ባለ ኳስ ቀለበት) ላይ የሚዞሩ አይድለር ፑሊዎች አሉ። በድሮ መኪኖች ቺንጋው ሁለት ወይም ሦስት ስለነበር አንዱ ሲበጠስ ሌላው ሥራውን ይቀጥላል። እዚህ ግን አንዱ ሲሄድ አራቱም አብረው ይቆማሉ።

ይህን የውጪ ቺንጋ ከታይሚንግ ቺንጋ፣ ማለትም በሞተሩ ውስጥ የቫልቮቹንና የፒስተኖቹን እንቅስቃሴ ከሚያዛምደው ቺንጋ ጋር የሚያምታቱ ብዙ ናቸው። ከ2004 እስከ 2006 የተሠሩት ሲየናዎች ባለ 3.3 ሊትር ሞተር ያላቸው ሲሆኑ በውስጣቸው በየ90,000 ማይሉ የሚቀየር ታይሚንግ ቺንጋ አላቸው። ከ2007 ጀምሮ የመጣው የ3.5 ሊትር ሞተር በቺንጋ ፈንታ ሰንሰለት ነው ያለው። ስለዚህ በዚህች መኪና ላይ የውጪው ቺንጋ ቢበጠስ ቫልቭና ፒስተን አይጋጩም። አደጋው ከሌላ በኩል ነው፤ ከሙቀት።

ችግሩ እንዴት እንደገፋ

ጩኸቱ የጀመረው በጥር ብርድ ነው። ማለዳ ሞተሩ ሲነሳ ስለታም ሲጢጥታ ይሰማል፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይጠፋል። አባትየው ከመለዋወጫ ሱቅ ቺንጋ ላይ የሚረጭ ስፕሬይ ገዝተው ረጩበት። ለቀናት ጸጥ አለ። ከዚያ ተመለሰ፣ ብሶም ተመለሰ። ስፕሬዩ የሚሠራው ቺንጋውን በማጣበቅ ነው፤ የሚያጣብቅ ነገር ደግሞ አቧራና የጎማ ብናኝ ይሰበስባል። ለእንዲህ ያለው ባለ ብዙ መስመር ቺንጋ የቺንጋ አምራቾች ራሳቸው አይመክሩትም፤ ሱቆች ግን መሸጣቸውን አላቆሙም።

ቀጥሎ ቀዩ የባትሪ ምልክት ብልጭ እያለ መጥፋት ጀመረ፣ ማታም የፊት መብራቱ ይደክም ነበር። አዲስ ባትሪ ተገዛ። የባትሪ ምልክት ሲበራ ባትሪ መግዛት የብዙዎቻችን ልማድ ነው፤ ምልክቱ የሚናገረው ግን ባትሪው በቂ ኃይል እየተሞላ አለመሆኑን ነው። እዚህ ቺንጋው ሲንሸራተት ዲናሞው በሚገባው ፍጥነት አይዞርም ነበር። አዲሱ ባትሪ ከሱቅ የመጣው ኃይል ተሞልቶ ስለሆነ ችግሩን ለጥቂት ጊዜ ሸፈነው።

ሦስተኛው እርምጃ ጋራዥ ነበር። የመጀመሪያው ጋራዥ ቺንጋው ማለቁን አይቶ በአዲስ ቀየረው። ቺንጋው በእርግጥም አልቆ ነበር፤ በሥራው ላይ የምለው ነገር የለኝም። የጎደለው ቺንጋው ተነስቶ ሳለ ፑሊዎቹን አንድ በአንድ በእጅ አዙሮ ማየት ነው። የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ያን ቀን ተደርጎ ቢሆን ኖሮ ይህ ጽሑፍ አይኖርም ነበር።

መኪናዋ እስከ ፀደይ ድረስ ዝም አለች። ከዚያ ሌላ ዓይነት ድምፅ መጣ፤ ወፈር ያለ፣ ከፍጥነቱ ጋር የሚጨምር ጉርምርምታ። በዚያው ሰሞን የራዲያተሩ ፈሳሽ ቀስ በቀስ መጉደል ጀመረ፣ አባትየውም በየጊዜው ውሃ ይሞሉበት ነበር። ሁለቱን ምልክቶች አንድ ላይ ያያቸው ሰው አልነበረም።

አውራ ጎዳናው ላይ

በሰኔ አንድ ቅዳሜ እናትየዋ ልጆቹን ይዘው ዋሽንግተንን በሚዞረው በ495 አውራ ጎዳና ላይ ነበሩ። መጀመሪያ ከኮፈኑ ሥር የሚገርፍ ድምፅ ተሰማ፤ የተተረተረው ቺንጋ ዙሪያውን ሲመታ ነው። ወዲያው የባትሪው ምልክት በራ፣ መሪው ከበደ፣ ከኤሲው ሞቃት አየር መምጣት ጀመረ። እናትየዋ መሪውን በሁለት እጃቸው እየጎተቱ ወደ መንገዱ ዳር ወጡና ሞተሩን አጠፉ። የሙቀት መለኪያው መነሳት ጀምሮ ነበር።

መንገድ ዳር ምክር አይጠፋም። አንድ የቆመ አሽከርካሪ ቀስ ብለው እስከሚቀጥለው መውጫ እንዲነዱ ነገራቸው። በስልክ ያገኙት ዘመድ ደግሞ ታይሚንግ ቺንጋው ስለተበጠሰ ሞተሩ አልቆለታል አላቸው። ሁለቱንም አልሰሙም፤ ጎታች መኪና ጠሩ። በጉዳዩ ሁሉ ውስጥ ከተወሰዱት ውሳኔዎች ትልቁ ይህ ይመስለኛል። የውሃ ፓምፑ ሳይዞር ሞተሩ ቢቀጥል ኖሮ ውስጡ ያለው ውሃ አይንቀሳቀስም፣ ሙቀቱም በደቂቃዎች ውስጥ ከልክ ያልፋል። የዚህ ሞተር ብሎክም (ዋናው አካል) ቴስታታም (ከላይ የሚከድነው ክፍል) አልሙኒየም ነው። ቴስታታው ቢጣመም ወይም በሁለቱ መካከል ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ቢቃጠል የጥገናው ዋጋ ከመኪናዋ ዋጋ ጋር መፎካከር ይጀምራል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ መሪው ሲከብድ ሰው የሚደነግጠው መሪው የተቆለፈ ስለሚመስለው ነው። አልተቆለፈም። ጉልበት ይፈልጋል እንጂ ይዞራል። በእንዲህ ያለው መኪና ፍሬኑም ሞተሩ እስከሠራ ድረስ እንደወትሮው ይይዛል።

ምርመራው

የፊተኛውን የቀኝ ጎማና ከውስጥ ያለውን የፕላስቲክ መከለያ ፈትተን ገባን። የቺንጋው ክሮች የክራንክ ፑሊው ላይ ተጠምጥመው ነበር። አንደኛው አይድለር ፑሊ ፕላስቲኩ ቀልጦ ወደ ጎን ተንጋዷል፤ ኩሽኔታው ቅባቱ አልቆ ተነክሷል፣ ማለትም አልዞር ብሏል። የውሃ ፓምፑ ሥር የደረቀ ሮዝ ቅርፊት ተጋግሯል፤ የቶዮታ ራዲያተር ፈሳሽ ሮዝ ስለሆነ ሲደርቅ እንዲህ ያለ አሻራ ይተዋል። የፓምፑን ፑሊ ይዘን ስንወዘውዘው ይንቀጠቀጣል። የቴንሽነሩ ክንድ ደግሞ ለስለስ ብሎ መሄድና መመለስ ሲገባው እየተያዘና እየተለቀቀ ነበር የሚንቀሳቀሰው።

ደህናው አይድለርም ሙሉ ደህና አልነበረም። በእጅ ስናሽከረክረው ለረጅም ጊዜ እያፏጨ ዞረ። ይህን የሚያይ ሰው «እንዴት ቀለል ብሎ ይዞራል!» ብሎ ሊደሰት ይችላል። ጤነኛ ፑሊ ግን በውስጡ ቅባት ስላለ ትንሽ ይያዛል፣ ድምፅ የለውም፣ ቶሎም ይቆማል። እንደልቡ የሚሽከረከረው ቅባቱ ያለቀበት ነው።

የመሪ ፓምፑ ደህና ሆኖ ተገኘ። ዲናሞው ይሠራል፣ ኩሽኔታው ግን ጥቂት ይጎረብጣል። የክራንክ ፑሊው በሁለት ብረቶች መካከል ጎማ ያለበት ስለሆነ ጎማው ሲላቀቅ የውጪው ቀለበት ይንሸራተታል። ይህን ለማረጋገጥ ከመሃሉ እስከ ጠርዙ በቀለም ቀጥ ያለ መስመር አሰመርንበት። ከጥገናው በኋላ ተነድታ ስትመለስ መስመሩ ቀጥ እንዳለ ነበር።

ከመሣሪያ ሁሉ በላይ የጠቀመን ግን አንድ ጥያቄ ነው። እናትየዋን «ጩኸቱ መቼ መቼ ይብስ ነበር?» አልኳቸው።

«መኪና ማቆሚያ ውስጥ መሪውን እስከ መጨረሻው ስጠመዝዝ ይጮኻል፤ ቀጥ ሳደርገው ይተዋል። ዝናብ ሲኖር ደግሞ ይብሳል» አሉኝ። ከጥር ጀምሮ ያውቁታል። የነገሩት ሰው ያልነበረው የጠየቃቸው ስላልነበረ ነው። ጋራዥ የሄዱት አባትየው፣ መኪናዋን የሚሰሟት ደግሞ እሳቸው ነበሩ።

መሪው እስከ መጨረሻው ሲጠመዘዝ የመሪ ፓምፑ ከፍተኛ ጭነት ይጥላል። በዚያች ቅጽበት የሚጮኽ፣ በእርጥበትም የሚብስ ቺንጋ በቂ ውጥረት የለውም። ይህን በጥር የሰማ መካኒክ ከቺንጋው አልፎ ቴንሽነሩን ያይ ነበር።

የትኛው ቀደመ?

ማስረጃዎቹን ስደረድር የማደላው ወደዚህ ነው። መጀመሪያ የደከመው ቴንሽነሩ ነው፤ በጥር የተሰማው ሲጢጥታና የባትሪው ምልክት ሁለቱም ከእሱ ይመነጫሉ። የውሃ ፓምፑ በራሱ ዕድሜ ማፍሰስ ጀመረ፣ ኩሽኔታው ላላ። ፑሊው ሲንቀጠቀጥ ቺንጋው ከመስመሩ ይወጣል፣ ጎኑም አይድለሩን ይፈትጋል። የሚረጨው ፈሳሽ በአይድለሩ ላይ ያርፋል። በፀደይ የተሰማው ጉርምርምታ የእነዚህ ኩሽኔታዎች ነበር። አይድለሩ ሲነከስና ሲንጋደድ ጥቂት ወራት ብቻ ያገለገለውን አዲስ ቺንጋ ከጠርዙ ጀምሮ ተረተረው።

ጥገናው፦ የሠራውና ያልሠራው

አባትየው የተበጠሰውን ቺንጋና የቀለጠውን ፑሊ ብቻ ቀይረን እንድናስነሳላቸው ጠየቁ። «ወንድሜ፣ መኪናዋ ራሷ ስንት ታወጣለች?» አሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው። የእኔ መልስ ከወጪው ትልቁ ክፍል እዚያ ጠባብ ቦታ የመግባቱ ነው የሚል ነበር። በተለይ ለውሃ ፓምፑ ሞተሩን ከሥር ደግፎ የጎኑን መያዣ መፍታት ያስፈልጋል። ዛሬ ትተነው ከሁለት ወር በኋላ ፓምፑ ቢሄድ ያንኑ ገንዘብ ድጋሚ ይከፍላሉ፣ ፈሳሹም አዲሱን ቺንጋ ያበላሸዋል። በዚህ ተስማማን፦ የውሃ ፓምፕ፣ ሁለቱም አይድለሮች፣ ቺንጋና ቴንሽነር። ወጪ ለመቀነስ ቴንሽነሩን እሳቸው ከኢንተርኔት በርካሽ ገዝተው ሊያመጡ ወሰኑ።

አዲስ አበባ ቢሆን አይድለሩ በሙሉ ላይቀየር ይችል ነበር። ብዙ አይድለሮች ላይ ያለው ኩሽኔታ 6203 የሚል ቁጥር አለው፤ የውስጥ ቀዳዳው 17፣ የውጪው ዙሪያ 40፣ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ነው። ፑሊው ብረት ከሆነና ካልተጎዳ አሮጌውን ኩሽኔታ አስወጥቶ ከሶማሌ ተራ ጥሩ አዲስ ገዝቶ መትከል ንጹሕ ሥራ ነው። እዚህ የአንድ ሰዓት የእጅ ዋጋ ከፑሊው ስለሚበልጥ ማንም አይሞክረውም። የቀለጠ ፕላስቲክን ግን የትም አገር ማዳን አይቻልም።

ረጅም ጊዜ የወሰደው ማንም የማይገምተው ሥራ ነው፤ የስፕሬዩን ሙጫ ከየፑሊው ቦይ በብሩሽና በፍሬን ማጽጃ ማስለቀቅ። ይህ ሳይደረግ አዲስ ቺንጋ መግጠም ትርጉም የለውም።

ሁሉም ተገጥሞ ሞተሩ ሲነሳ ሲጢጥታው የለም፣ ጉርምርምታውም የለም። በምትኩ እንደ ጫጩት የሚጮኽ ቀጭን፣ ምት ያለው ድምፅ መጣ። ሞተሩ እየሠራ ቺንጋው ላይ በውስጥ በኩል ጥቂት ውሃ ረጨን። ይህ ቀላል ፈተና ነው፦ ውሃ ሲነካው ጩኸቱ ከጨመረ ችግሩ የውጥረት ነው፤ ለአፍታ ጠፍቶ ከተመለሰ ፑሊዎቹ በአንድ መስመር ላይ አይደሉም። የእኛ ጠፍቶ ተመለሰ። ቀጥ ያለ ብረት በፑሊዎቹ ፊት ስናስቀምጥ ርካሹ ቴንሽነር ወደ ውጭ ወጣ ብሎ ተገኘ። ሲያዩት አይታወቅም፤ ቺንጋው ግን ያውቀዋል። ከመኪናዋ አምራች የመጣ ቴንሽነር ሲገጠም ድምፁ ጠፋ። አባትየው በዋጋ ያተረፉትን ሁለተኛ በተፈታበት የእጅ ዋጋ መልሰው ከፈሉ፤ ከእኛ ጋር ክርክር አልገጠሙም፣ ከሻጩ ጋር ግን ተከራክረው ገንዘባቸውን አስመለሱ።

ከዚያ ራዲያተሩ በትክክለኛው ፈሳሽ ተሞላ፣ አየሩም እንዲወጣ ተደረገ። ባለፉት ወራት የተጨመረው ውሃ ፈሳሹን አቅጥኖት ስለነበር በዚህ አገር ብርድ ሊረጋ ይችል ነበር። የፊት መብራት፣ ማራገቢያና የኋላ መስታወት ማሞቂያ አንድ ላይ በርተው ባትሪው ላይ 14.1 ቮልት ለካን። የተገዛው ባትሪ ደህና ነው፤ አሮጌውም ምናልባት ደህና ነበር።

ለሌላ መኪና የሚተርፈው

ጩኸቱ የሚለይባቸውን ሁኔታዎች ጻፉና ይዛችሁ ሂዱ፤ ማለዳ ነው ወይስ ሞተሩ ሲሞቅ፣ መሪ ሲጠመዘዝ ነው ወይስ ኤሲ ሲበራ፣ ቀጭን ነው ወይስ ወፍራም። ጋራዥ የሚሄደው ሰው የሚነዳው ካልሆነ የሚነዳው በስልክም ቢሆን ይናገር። እኛ መካኒኮችም መጠየቅ አለብን፤ ስንቸኩል የመጀመሪያው የምንዘለው ይህን ነው።

ቺንጋ ሲቀየር ፑሊዎቹ በእጅ እንዲዞሩና ቴንሽነሩ እንዲታይ ጠይቁ። ጥሩ መካኒክ በዚህ አይከፋም። ቺንጋ ሲመረመርም ስንጥቅ መፈለግ ብቻ አይበቃም። የድሮዎቹ ሲያረጁ ይሰነጣጠቁ ነበር። አሁን ያሉት የተሠሩበት የጎማ ዓይነት እምብዛም አይሰነጠቅም፤ እንደ መኪና ጎማ ቀስ በቀስ ይፋቃል። ስለዚህ ስንጥቅ የሌለበት ቺንጋ ያለቀ ሊሆን ይችላል። የቦዮቹን ጥልቀት የሚለካ ትንሽ ፕላስቲክ መለኪያ አለ።

የራዲያተር ፈሳሽ መጉደልና ከቺንጋው በኩል የሚመጣ ድምፅ በአንድ ሰሞን ከታዩ የውሃ ፓምፑን መጠርጠር ነው። ቀይ የባትሪ ምልክት፣ የከበደ መሪና እየጨመረ ያለ ሙቀት አንድ ላይ ከመጡ ደግሞ ቺንጋው የለም ማለት ነው፤ ዳር ይዞ ማጥፋት እንጂ «እስከሚቀጥለው መውጫ» የሚባል ነገር የለም።

ለአገር ቤት አንባቢ አንድ ማሳሰቢያ፦ ከላይ የጻፍኩት ሁሉ ስለ ውጪው ቺንጋ ነው። ሚኒባስ ታክሲ ሆነው የሚሠሩት አሮጌዎቹ የናፍጣ ሃይስ መኪኖች ታይሚንግ ቺንጋ አላቸው፤ በ100,000 ኪሎ ሜትር እንዲቀየር ዳሽቦርዱ ላይ የሚያስታውስ ምልክት ይበራል። አንዳንዱ ሰው ምልክቱን ብቻ አጥፍቶ ይነዳል። ያኛው ሲበጠስ መንገድ ዳር ማቆም ሞተሩን አያድንም።

ያልተዘጋው

ዲናሞው አሮጌው ነው፤ ኩሽኔታው ያን ጊዜ የነበረውን ጥቂት መጎርበጥ እንደያዘ ነው። አሁን መቀየር ይቻል ነበር፤ ቤተሰቡ ግን ወጪው በአንድ ጊዜ እንዳይከመር ስለፈለገ ተውነው። ዋጋውን በጽሑፍ ሰጥቻቸዋለሁ። እናትየዋ ድምፁን ለይተው እንዲያውቁት ሞተሩ እየሠራ አሰማኋቸው። ለዘይት ቅየራ ሲመጡ ፈሳሹ አልጎደለም፣ ቺንጋውም በፑሊዎቹ መሃል ይሄዳል። የዲናሞው ድምፅ ከጨመረ ቀጠሮ የሚይዙት እሳቸው እንዲሆኑ ተስማምተናል።